ልክና መልክ፤ የልብስ ቅድ ከሰው ገጽና ቁመና ጋራ ስለ መስማማቱ፥ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች በሚገኙት የልብስ ስፌት ቤቶች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ትምህርት ሲነገር ይሰማል። ትምህርቱም የሚለው እንዲህ ነው፤ ማንኛውም ሰው ልብስ ከማሰፋቱ አስቀድሞ የፊቱን ቅርጽና የገላውን መሥመር መርምሮ ማወቅ አለበት፤ ፊቱ ክብ የሆነ ሰው አንገቱ ሾጠጥ ብሎ ወደ ደረት የወረደ ልብስ፥ ፊቱ ሞላላ የሆነ ሰው ክብ አንገት ያለው ልብስ፥ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው እጅጌው ያልተነፋ ልብስ፥ ቁመቱ አጭር የሆነም መሥመሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ልብስ ይልበስ፤ ይህን ሕግ የጠበቀ ያምርበታል፥ ያልጠበቀ ግን ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ትምህርቱን ይዘው የሚመጡት በእጅ ስልክ የሚታዩት ሥዕሎችና ምክሮች ናቸው። ደንበኛይቱ ሥዕሉን ለሰፊው ታሳየዋለች፤ ሰፊውም ሥዕሉን አይቶ ጨርቁን ይቀድዳል።

ይህ ነገር የወጣቶች ጨዋታ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። በጉራጌ ምድር ለመስቀል ወይም ለአረፋ የሚሰፋው ልብስ የብዙ ወራት ቍጠባ የሚወጣበት የክት ልብስ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በንግድና በሥራ የሚኖሩት ልጆች ወደ ወላጆቻቸው የሚመለሱት፥ ሽማግሌ የሚላከውና ሠርግ የሚታሰበው፥ ወጣቶችም የሚተያዩት በእነዚሁ በዓላት ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ልብሷ ሳይሄድላት የቀረች ልጅ የምትወቅሰው ማንን ነው? ቅዱን ነውን፥ ሰፊውን ነውን፥ ወይስ የራሷን ገላ? አዲሱ ትምህርት ሊመዘን የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ የትምህርቱን ምንጭ ማወቅ ይጠቅማል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1936 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ታስተምር የነበረችው ቤል ኖርትረፕ ከቻይና ፍልስፍና በተወሰዱት ያንግና ዪን በተባሉት ሁለት ስሞች የሰውን መልክ ለየች። ቁመቱ ረዘም፥ አጥንቱ ጎላ፥ የገጹ መሥመር ቀጥ ያለው ወደ ያንግ፤ ቁመቱ አጠር፥ ገላው ለስለስና ክብብ ያለው ወደ ዪን ተቈጠረ፤ ልብሱም የየወገኑን መሥመር እንዲከተል ተመከረ። ከእርሷም በኋላ ሃርየት ማክጂምዚ በ1963 ስለ ልብስ ምርጫ ጥበብ ባሳተመችው የማስተማሪያ መጽሐፍ ክፍፍሉን አስፋፋችው። በ1987 ደግሞ ዴቪድ ኪቢ ሰውን በ13 ዓይነት መድቦ መጽሐፉን ለሕዝብ አቀረበ። ዛሬ በስልክ የሚነበበው ምክር፥ የጸሐፊዎቹ ስም ቢጠፋበትም፥ የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

ትምህርቱ መልካም ጎን የለውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በመጀመሪያ፥ ሰው የዘመኑን ልማድ ብቻ ከመከተል ይልቅ ወደ ራሱ እንዲመለከት ይመክራል። ሁለተኛም፥ ልብስ ጨርቅና ቀለም ብቻ ሳይሆን መሥመርም እንዳለው ያስተምራል፤ ይህን የማያውቅ ሰፊ ጎበዝ ሰፊ ሊባል አይችልም። ሦስተኛም፥ ውበት በገንዘብ ብዛት ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ያመለክታል፤ ዋጋው ትንሽ የሆነ ጨርቅ በሚገባ ቢቀደድ ዋጋው ትልቅ ከሆነና በግድየለሽነት ከተቀደደ ጨርቅ ይበልጣልና። በዚህ ሁሉ ትምህርቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ነቀፋው የሚጀምረው ምክሩ ሕግ ሲሆን፥ ሕጉም ከመጣበት አገር ዓይንና ልብስ ጋራ ሳይመረመር ሲወሰድ ነው።

የመጀመሪያው ጕድለት ስለ ዓይን ያለው እምነት ነው። ትምህርቱ አግድም መሥመር ሰውን ያሰፋዋል፥ ቁልቁል መሥመር ግን ያቀጥነዋል ይላል። ሔርማን ፎን ሄልምሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለ እይታ በጻፈውና በፈረንጆች አቈጣጠር በ1867 በተፈጸመው ታላቅ መጽሐፉ ይህን የሚቃረን ነገር አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። እኩል የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ተሥለው አንደኛው በአግድም መሥመሮች፥ ሁለተኛው በቁልቁል መሥመሮች ቢሞላ፥ በአግድም የተሰመረው ለዓይን ረዘም ብሎ ይታያል፤ ስለ ሴቶች ልብስም ይኸንኑ ተናግሮአል። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ቶምፕሰንና ኪርያኪ ሚኬሊዱ ይህንኑ በሰው ምስል ላይ መርምረው በ2011 ባወጡት ጥናት አግድም መሥመር ሰውን አያሰፋም ሲሉ ደመደሙ። እንግዲህ ከሕጉ ሁሉ ይልቅ የታወቀውና በየስፌት ቤቱ የሚደገመው ሕግ እንኳ በመርማሪዎች ዘንድ አልጸናም ማለት ነው።

ስለ ሾጣጣ አንገት የሚሰጠውም ምክር ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ችግር አለበት። ይህ ምክር በ1889 ሙለር ላየር የተባለው ጀርመናዊ ካሳየው የዓይን ስሕተት ጋራ ዝምድና አለው፤ እኩል የሆኑ ሁለት መሥመሮች ጫፋቸው ላይ ያሉት ትንንሽ ክንፎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በመዘርጋታቸው ብቻ አንደኛው ረጅም፥ ሌላው አጭር መስለው ይታያሉ። ነገር ግን ሲጋል፥ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ የተባሉት ሊቃውንት የአፍሪቃን፥ የአሜሪካንና የሌሎችንም አገሮች ሰዎች አነጻጽረው በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ የዓይን ስሕተት በሁሉም ሕዝብ ዘንድ በእኩል መጠን አለመታየቱን ገለጡ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ ቀጥ ባለ ግድግዳና በማዕዘን በተሠራ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው መሥመርን ከሌላው ለየት አድርጎ ያያል አሉ። በምክንያቱ ላይ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር ተደርጎአል፤ የዓይን ልማድ ከአገር አገር የሚለያይ መሆኑ ግን ሊረሳ የማይገባው ነገር ነው። የጉራጌ ገጠር ቤት በመካከሉ በቆመው ምሰሶ ዙሪያ የተሠራ፥ በንጽሕናውና በአሠራሩ የታወቀ ክብ ቤት ነው። በዚህ ቤት ያደገ ዓይንና ባለ ማዕዘን ክፍል ውስጥ ያደገ ዓይን አንዱን የአንገት ቅድ በአንድ መንገድ ያነቡታል ብሎ ያለ ምርመራ ማወጅ አይገባም።

ሁለተኛው ጕድለት ሰውን በዓይነት የመመደቡ ነገር ነው። የሰውን ገጽና ገላ እየለኩ በየክፍሉ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ታሪክ ያለው ሥራ ነው፤ ታሪኩም የሚያኮራ አይደለም። ዊልያም ሼልደን የተባለው አሜሪካዊ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ገላ በሦስት ዓይነት ከፈለ፤ ከገላውም ቅርጽ ጠባዩን ማወቅ ይቻላል አለ፤ ይህ አስተሳሰቡ በኋላ በሊቃውንት ዘንድ ተጥሎአል። ከእርሱ ይልቅ የከፋው በኢጣልያ ታየ። ሊድዮ ቺፕርያኒ የተባለው የሰው ዘር ተመራማሪ በአፍሪቃ እየተዘዋወረ በሕይወት ካሉ ሰዎች ፊት ላይ በጄሶ ቅርጽ ያነሣ ነበር፤ በ1938 የፋሺስት መንግሥት ያስፋፋውን የዘር መግለጫ ከፈረሙት ሊቃውንትም አንዱ ነው። የልብስ ምክር ከዚህ ክፉ ሥራ ጋራ አንድ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም አንዲት ልጅ በመስተዋት ፊት ቆማ «እኔ የየትኛው ዓይነት ነኝ?» ብላ ስትጠይቅ፥ ራሷን የምትመዝነው ሌሎች ሰዎች ለሌላ ሕዝብ ባዘጋጁት ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ ሳትገኝም ብትቀር ጕድለቱ የሰንጠረዡ መሆኑን የሚነግራት የለም።

የኢትዮጵያ ልማድ መልክን ሳይመለከት ቀርቶ አይደለም። በግእዝ መልክእ የተባለው የድርሰት ዓይነት ቅዱሱን ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ፥ እያንዳንዱን አካል በየተራ እየተሳለመ ያወድሳል። በአማርኛም መቃ አንገት፥ ሰልካካ አፍንጫ፥ ጎላ ያለ ዓይን፥ ጠይም፥ የቀይ ዳማ እየተባለ የሰው መልክ በዝርዝር ይነገራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ይህ አነጋገር አካልን አንድ በአንድ ያነሣል እንጂ ሰውየውን ሙሉውን በአንድ ዓይነት ውስጥ አይዘጋውም። አንገቷ መቃ የሆነ ሴት ቁመቷ አጭር ሊሆን ይችላል፤ አንገቷ ይመሰገናል፥ ቁመቷም ለብቻው ይነገራል። ጎበዝ ሰፊም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ትከሻን ለብቻ፥ ደረትን ለብቻ፥ ወገብን ለብቻ፥ ዳሌን ለብቻ ይለካል፤ የለካውንም ሁሉ በአንድ ልብስ ያስታርቃል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጕድለት ትምህርቱ የተቀደደና የተሰፋ ልብስን ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ነጠላ፥ ኩታ፥ ጋቢና ቡሉኮ ስፋታቸውና ውፍረታቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም አራት ማዕዘን ያላቸው ጨርቆች ናቸው፤ ትከሻም፥ ወገብም፥ እጅጌም የላቸውም። ከሸማኔው እጅ ወጥተው ጫፋቸው ከተያያዘ በኋላ መቀስ አይነካቸውም። እነዚህን ልብሶች ቅርጽ የሚሰጣቸው ሰፊው ሳይሆን ለባሹ ነው። ስለዚህ አማርኛ የልብስን መሥመር የሚናገረው በስም ሳይሆን በግስ ነው፤ ሰው ነጠላውን ይጎናጸፋል፥ ይከናነባል፥ ያጣፋል፥ ያሸርጣል፥ ያደገድጋል፥ ያዘቀዝቃል። ሲያጣፋ ከትከሻው ላይ ተሻግሮ የሚወርድ ሰያፍ መሥመር ደረቱን ያቋርጣል፤ ሲከናነብ ፊቱ በነጭ ክፈፍ ውስጥ ይገባል፤ ሲያሸርጥ ወገቡ ይለያል፤ ሲያደገድግ ልብሱ በደረቱና በወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ በታላቅ ፊት የቆመ መሆኑን ያሳውቃል፤ ሐዘን ሲደርስበትም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ያዘቀዝቀዋል። በቤተ ክርስቲያንም ነጠላው በመስቀል ምሳሌ ይለበሳል።

ከዚህ የተነሣ አንዲት ሴት በአንድ ነጠላ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን፥ ቀትር ላይ በለቅሶ ቤት፥ ማታም በዘመድ ግብዣ በሦስት ልዩ ልዩ መሥመሮች ትታያለች። ፊቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው። ትምህርቱ ልብስ ለፊት ቅርጽ እንዲስማማ ይጠይቃል፤ የአገሩ ልማድ ደግሞ ልብስ ለቀኑ፥ ለቦታውና ለሚገናኙት ሰው እንዲስማማ ይጠይቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጣሉ አይደሉም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ ሰው በለቅሶ ቤት ያምርብኝ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው ይሆናል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቁመታቸው አጭር፥ ገላቸውም ቀጭን ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩ የተነሣው ፎቶግራፍ በነጭ ልብስ ላይ ጥቁር ካባ ደርበው ያሳያቸዋል። በሰንጠረዡ ሕግ ሰፊ ልብስ አጭርና ቀጭን ሰውን ይውጠዋል ይባላል። በፎቶግራፉ ግን ካባው ንጉሡን አልዋጣቸውም። ከትከሻቸው ሳይቋረጥ የሚወርደው ጥቁር መሥመርና በመካከሉ የሚታየው ነጭ ልብስ ቁመታቸውን አንድ ወጥ አድርጎ ያሳያል፤ የካባው ስፋትም የማዕረጋቸው ምልክት ነበር። የቁልቁል መሥመር ጠበብት በዚህ ምሳሌ የሚደሰቱበት ነገር አለ፤ የሰፊ ልብስ ክልክል ግን በዚሁ ምሳሌ ይፈርሳል። ካባው የሄደላቸው ለሰውነታቸው ልክ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ አቋቋማቸውና ያሉበት ጉዳይ ስለ ተሸከመውም ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞች መመለስ ያስፈልጋል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ቡታጅራም ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኙ የገበያ ከተሞች ናቸው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሁለቱ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። ስለ ጉራጌ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚነሣው እንሰት ነው፤ ዊልያም ሻክ በ1966 ያሳተመው የታወቀ መጽሐፍ ርእሱ እንኳ የእንሰት ባህል ሕዝብ ይላቸዋል። ነገር ግን ይህ ሕዝብ ከእንሰቱ ጋራ የንግድና የመንገድ ሕዝብም ነው። በመንገዱም ላይ ጨርቅ፥ ልብስና የልብስ ሐሳብ ይመላለሳል፤ ከአዲስ አበባ መርካቶ የተሰፋ ልብስ፥ ከሽሮ ሜዳ ጥበብ ያለው የሸማኔ ሥራ፥ ከባሕር ማዶም ሰልባጅ ይመጣል።

በሁለቱም ከተሞች ክርስቲያኑና እስላሙ ተጐራብቶ ይኖራል። ይህም ስለ አንገት ቅድ የተሰጠውን ሕግ ግማሹን ሥራ ፈት ያደርገዋል። የእስላም ሴት ሻሽ ወይም ሂጃብ፥ የክርስቲያን ሴትም ነጠላ የልብሱን አንገት ይሸፍነዋል፤ ሾጣጣ ይሁን ክብ የሚያየው የለም። ፊትን የሚከፍፈው የራስ መሸፈኛው ነው። ሻሹ በግንባር ላይ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ፊት ያጥራል፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከአናት ላይ ከፍ ቢል ፊት ይረዝማል፤ ሂጃቡ ከአገጭ በታች ጠበቅ ብሎ ቢያያዝ ጕንጭ ይሞላል፤ ላላ ብሎ በትከሻ ላይ ቢወድቅ ፊት ይቀጥናል። ይህን ሁሉ ሴቶች ከእናቶቻቸውና ከጓደኞቻቸው ተምረው በመስተዋት ፊት በጥቂት ደቂቃ ይሠሩታል። ፊትንና መሥመርን የማስማማት ጥበብ እንግዲህ በከተሞቹ አዲስ አይደለም፤ ያለው ግን በቅድ ውስጥ ሳይሆን በአስተሳሰርና በአጣጣል ውስጥ ነው።

ሥዕል የማያሳየው ሌላው ነገር እንቅስቃሴ ነው። በስልክ የሚታየው ልብስ በቆመ ሰው ላይ ነው፤ የመስቀል ልብስ ግን ይቀመጣል፥ ይራመዳል፥ ይጨፍራል። የጉራጌ ጭፈራ በእግርና በጕልበት ፍጥነት የታወቀ ነው። ከዳሌ እስከ ጕልበት ተጣብቆ ከታች ብቻ የሚሰፋው፥ ዛሬ በሙሽሮች ዘንድ የተወደደው ቀሚስ፥ በሥዕል ወገብን ቢያሳምርም ጭፈራው ሲጀመር ለባሿን ከዳር ያስቀምጣታል። ሽንሽንና ክሎሽ ቀሚስ በሥዕል ሲታይ ገላን ያወፍራል ተብሎ ይናቃል፤ በጭፈራ ጊዜ ግን እጥፋቱ ሲከፈትና ሲዘጋ መሥመሩን እየለወጠ ከእግሩ ጋራ ይሄዳል። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክትፎ ለሚበላ ሰውም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሲቀመጥ ወደ ላይ የማይሳብ ልብስ ነው። ሲቀመጡበት የሚያሳፍር፥ ሲጨፍሩበት የሚያስር ልብስ ለፊት ቅርጽ ቢስማማም ስምምነቱ ጐደሎ ነው።

በከተሞቹ ከሚታዩት የክት ቀሚሶች ሦስቱን ለይቶ መመልከት ፍርዱን ግልጥ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ከፈትል ወይም ከመነን የተሰፋ፥ በታችኛው ዘርፉ ላይ ሰፊ ጥበብ ያለው ቀሚስ ነው። ጥበቡ በዘርፉ ላይ የመገኘቱ ምክንያት የለባሿ ገጽ ሳይሆን የሸማኔው ዕቃ ነው፤ ጥበብ በማግ በኩል የሚገባ ስለ ሆነ በጨርቁ ስፋት ላይ አግድም ይዘረጋል፤ ጨርቁ በቁመቱ ሲለበስም ከታች ይውላል። የጥበቡ ክብደት ቀሚሱን ወደ ታች ስቦ ቀጥ ያደርገዋል፤ ለእርምጃም ግርማ ይሰጣል። ቁመቷ አጭር ለሆነች ሴት ግን ጥበቡ እጅግ ሲሰፋ ከእግሯ ብዙውን ይወስዳል። ይህን ሰፊው በመቀስ ሊያርመው አይችልም፤ የተሸመነውን ጥበብ መቍረጥ ማበላሸት ነውና። መታረም ያለበት ቀድሞ፥ ሸማኔው ዘንድ ጠበብ ያለ ጥበብ በማዘዝ ነው። መሥመርን ከገላ ጋራ የማስማማት ሥራ የሚጀምረው በስፌት መኪናው ሳይሆን በሸማኔው ጕድጓድ ነው።

ሁለተኛው ከአንገት ጀምሮ በፊት ለፊት እስከ ዘርፉ የሚወርድ ጥበብ ወይም ጥልፍ ያለው ቀሚስ ነው። ይህ መሥመር ዓይንን ከፊት ወደ እግር በአንድ ጊዜ ይመራል፤ ለብዙ ሰውም ይሄዳል። ሆኖም ምሕረት የለሽ መሥመር ነው። የብዙ ሰው ትከሻ እኩል አይደለም፤ በአንድ በኩል ጥቂት ዝቅ ያለ ይበዛል። ሰፊው ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ ካልለካ፥ በመካከል የሚወርደው ጥበብ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ማንም ያላስተዋለውን የትከሻ ልዩነት ለሁሉ ይገልጠዋል። በዚህ ጊዜ ልጅቱ «ትከሻዬ ጠማማ ነው» ትላለች፤ ጠማማው ግን አለካኩ ነው።

ሦስተኛው ሸፎን ከተባለው ስስ የፋብሪካ ጨርቅ የሚሰፋው፥ ጥበቡ ያልተሸመነ የታተመ የሆነው ቀሚስ ነው። ስለዚህ ቀሚስ በቅንነት ሊነገር የሚገባው፥ ቀሊል፥ ለማጠብ የማያስቸግርና ፈትል ለመግዛት አቅም ለሌላት ልጅ በበዓል ቀን ከእኩዮቿ ጋራ እንድትታይ የሚያስችላት መሆኑን ነው። እንደ ልብስ ሥራ ሲመረመር ግን ሁለት ጕድለት አለው። ጨርቁ ክብደት ስለሌለው መሥመሩን አይዝም፤ በነፋስና በእርምጃ ይሸሻል። የታተመውም ጥበብ የስፌቱን መንገድ ስለማያውቅ፥ ወገብ ላይ ወይም ጎን ላይ መስቀሉ ከመካከሉ ይቈረጣል። በዚህም ላይ የሸማኔውን እንጀራ የሚሻማ ነው። ጎበዝ ሰፊ ከመቅደዱ በፊት የታተመውን ምስል ከስፌቱ ጋራ ካገናኘው ሁለተኛው ጕድለት ይቀራል፤ የመጀመሪያው ግን ከጨርቁ ጋራ የተወለደ ነው።

በእነዚህ ሦስት ቀሚሶች ላይ የፊት ቅርጽ ሰንጠረዥ የሚናገረው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ልብሱን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም የማግ ስፋት፥ የጨርቅ ክብደት፥ የትከሻ ልክና የስፌት መንገድ ናቸው። እነዚህንም የሚያውቃቸው ሥዕሉን የላከው ሰው ሳይሆን ሜትሩን በአንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የከተማው ሰፊ ነው።

ከሰፊዎቹም መካከል እምብዛም የማይከበሩት፥ በየበረንዳው በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይዘው የተሠራ ልብስ የሚያስተካክሉት ናቸው። ሰልባጅ ኮት፥ ከመርካቶ የመጣ ሱሪ፥ ከታላቅ እኅት የወረደ ቀሚስ ወደ እነርሱ ይመጣል። ይህ ልብስ የተቀደደው በሌላ አገር ለሌላ ሰው ገላ ነው። ሰፊው ባለቤቱን አስቁሞ ያለብሰዋል፤ ትከሻውን ይቆነጥጣል፥ ወገቡን በእስፒል ይይዛል፥ «እስቲ ተቀመጥ፥ እስቲ እጅህን አንሣ» ይላል፤ ከዚያም ያጠብባል፥ ያሳጥራል፥ ወይም ያሰፋል። ልብስን ከሰው ቁመና ጋራ የማስማማት ትክክለኛው ትምህርት ይህ ነው። ሰውን በዓይነት አይመድብም፤ ያንኑ አንድ ሰው በዚያው ቀን፥ ቆሞም ተቀምጦም፥ ይመለከታል። ሥዕል ይዞ የመጣው ደንበኛ ሲበዛና ሰፊው ማየት ትቶ መቅዳት ሲለምድ የሚጠፋው ይህ እውቀት ነው፤ ከጠፋም በኋላ ከስልክ አይገኝም።

በአማርኛ ልክ የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይይዛል። የቁመትንና የስፋትን መጠን ይናገራል፤ ትክክል ማለትም ይሆናል፤ «ልክህን እወቅ» ሲባል ደግሞ ተግሣጽ ነው። አዲሱ ትምህርት እነዚህን ሦስቱን ያደባልቃል። መጠን የነበረው ፍርድ ይሆናል፤ ፍርዱም ተግሣጽ ይሆናል፤ ፊቷ ክብ የሆነ ልጅ ይህንና ያንን እንዳትመኝ ይነገራታል። የሰፊው ሜትር ግን የሚናገረው የመጀመሪያውን ልክ ብቻ ነው። ዳሌ ይህን ያህል ነው ይላል እንጂ ዳሌ ይህን ያህል መሆን ነበረበት አይልም። ልብሱ ባይሆን ልብሱ ይፈታል እንጂ ሰው አይፈታም። አማርኛም ልብስ ሲስማማ «ሄደለት» ይላል፤ በዚህ አነጋገር ወደ ሰው የሚሄደው ልብሱ ነው እንጂ ሰው ወደ ልብሱ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የመሥመር ትምህርት ለሰፊዎች እንደ አንድ መሣሪያ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ለደንበኛ ግን እንደ ሕግ ሊነገር አይገባውም። ልብስ ስፌት የሚያስተምሩ የሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው ሰውን ቆሞ፥ ተቀምጦና እየተራመደ እንዲለኩ፥ ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ እንዲጽፉ፥ ጥበብ የት እንደሚውል ከሸማኔው ጋራ ተነጋግረው እንዲወስኑ ቢያለማምዱ፥ ብዙ ሥዕል ከማሳየት ይልቅ ይጠቅማሉ። የኢትኖሎጂ ተማሪዎችም የመልበስን ግሦች በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በቸሃ፥ በክስታኔ፥ በመስቃንና በሌሎቹም የአካባቢው ቋንቋዎች ሊሰበስቡ፥ የእያንዳንዱንም መሥመር በፎቶግራፍ ሊያስቀምጡ ይገባል፤ ሻሽ አስተሳሰርም፥ ሂጃብ አጣጣልም፥ ነጠላ አለባበስም ከዚሁ መዝገብ ሊጐድሉ አይገባም። ይህ ከተሠራ በሚመጣው መስቀልና አረፋ ወደ ስፌት ቤት የምትገባ ልጅ ከስልኳ ሥዕል ሌላ የምታመሳክርበት የአገር እውቀት ታገኛለች፤ ቀሚሱ ሳይሆን ቢቀርም ሰፊውን «ፈትተህ እንደገና ስፋልኝ» ለማለት ትደፍራለች።